በባቡርና በአውቶቡስ ሄዶ በእንግሊዝ ገጠር ጥሩ ሪል ኤል ስለማግኘት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በብሪታንያ የሚኖሩና መኪና ሳይዙ ወደ ገጠር መጠጥ ቤቶች መሄድ የሚፈልጉ ወገኖች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ዓመታቱ በፈረንጆች፣ ሰዓታቱ በእኛ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ሪል ኤል ምን ዓይነት ቢራ ነው?

ሪል ኤል ከጠማቂው ከወጣ በኋላም እርሾው ሳይሞት፣ በሚቀዳበት በርሜል ውስጥ መብሰሉን የሚቀጥልና ከውጭ ጋዝ ሳይጨመርበት የሚቀርብ ቢራ ነው። አገር ቤት ድራፍት ብለን የምናውቀው ቢራ ተጣርቶ፣ በጋዝ ተገፍቶና በጣም ቀዝቅዞ ይቀዳል፤ ሪል ኤል ግን ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ የምድር ቤት ቅዝቃዜ የሚቀርብ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ጥቂት ጋዝም እርሾው ራሱ የፈጠረው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምሱ ሰዎች «ሞቋል» ወይም «ጋዙ ወጥቷል» የሚሉት ከዚህ የተነሳ ነው። በሚገባ የተያዘ ሪል ኤል ቀዝቀዝ ያለ፣ የጠራና ምላስ ላይ ረጋ ብሎ የሚነዝር መሆን አለበት።

ጠላ እየጠጣ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በጌሾ ፋንታ ሆፕስ ይግባበት እንጂ፣ ብቅሉም እርሾውም አተላው ወደ ታች መዝቀጡም የምናውቀው ነው፤ ከተከፈተ በኋላ ቶሎ ካልተጠጣ መኮምጠጡም እንዲሁ። በ1971 አራት ወጣት እንግሊዛውያን የመሠረቱት ካምራ የተባለ የሸማቾች ማኅበር ይህ አያያዝ በፋብሪካ ጋዝ ቢራ ተውጦ ሊጠፋ በተቃረበበት ጊዜ ተነሥቶ ዘመቻ ባያደርግ ኖሮ፣ ዛሬ በየመንደሩ የምናገኘው የበርሜል ቢራ አብዛኛው ባልኖረ ነበር።

መጠጥ ቤቱ ሪል ኤል እንዳለው በምን አውቃለሁ?

ባንኮኒው ላይ የቆመ ረጅም እጀታ ያለው የእጅ ፓምፕ ይፈልጉ። አስተናጋጁ እጀታውን ሁለት ሦስት ጊዜ በረጅሙ ወደ ራሱ ሲስበው ቢራው ከምድር ቤት ይመጣል፤ ሲቀዳ ይደፈርስና ከሥር ወደ ላይ ቀስ እያለ ይጠራል። ፓምፑ ላይ የተሰቀለችው የቢራው ስም ሰሌዳ ጀርባዋን ወደ ጠጪው ካዞረች፣ ያ ቢራ አልቋል ወይም ገና አልተዘጋጀም ማለት ነው። በአንዳንድ ጥንታዊ ቤቶች ደግሞ ፓምፕ ጨርሶ የለም፤ በርሜሉ ከባንኮኒው ጀርባ መደርደሪያ ላይ ተጋድሞ በቀጥታ ከቧንቧው ይቀዳል፤ ይህም ሪል ኤል ነው።

የቱን እንደሚመርጡ ካላወቁ ለመቅመስ ትንሽ እንዲቀዳልዎ መጠየቅ የተለመደ ስለሆነ አይፈሩ። ሙሉ ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር ነው፤ ግማሽ ፓይንት ማዘዝም ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ በአንድ ቀን ሁለት ሦስት ቤት ለማየት ለሚፈልግ መንገደኛ እንዲያውም የሚሻለው ግማሹ ነው።

በመኪና መሄድ አይቀልም?

ከመጠጣት ጋር አብሮ የሚሄድ አይደለም። በእንግሊዝና በዌልስ ለአሽከርካሪ የተፈቀደው ጣሪያ በ100 ሚሊ ሊትር ደም 80 ሚሊ ግራም አልኮል ሲሆን፣ በስኮትላንድ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ወደ 50 ዝቅ ብሏል፤ ሁለት ፓይንት የጠጣ ሰው የት ላይ እንዳለ በግምት ማወቅ አይችልም። በመኪና የሄደ ቡድን ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሰው ሳይቀምስ ይመለሳል፤ በባቡር የሄደው ቡድን ግን እኩል ይጫወታል።

መጀመሪያ የምመርጠው መጠጥ ቤቱን ነው ወይስ መስመሩን?

መስመሩን። ይህን ጉዳይ ደጋግሜ የምናገርበት ምክንያት አለኝ፤ ብዙ ሰው ስሙን የሰማውን ቤት መርጦ ከዚያ በኋላ መጓጓዣ ሲፈልግ፣ መሄጃ አግኝቶ መመለሻ ያጣል። የገጠር አውቶቡስ ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ አገልግሎቱን ያበቃል፤ አንዳንዱም ከዚያ ቀደም ብሎ ያቆማል። ስለዚህ ዕቅዱን ከመጨረሻው ይጀምሩ፦ ከዚያ አካባቢ የመጨረሻው ባቡር ወይም አውቶቡስ የሚነሳው ስንት ሰዓት ነው? እሱን ካወቁ በኋላ በእርሱ ላይ አይቁጠሩ፤ ከእርሱ ቀድሞ የሚመጣውን የእርስዎ መመለሻ ያድርጉትና የመጨረሻውን ለክፉ ቀን ያቆዩት።

ይህ ከተወሰነ በኋላ በመስመሩ ላይ ካሉ ጣቢያዎች በእግር ሊደረስባቸው የሚችሉ መጠጥ ቤቶችን መደርደር ቀላል ነው። በአንድ የባቡር መስመር ላይ ሁለት ጎረቤት ጣቢያዎችን መርጦ፣ በአንዱ ወርዶ፣ የመስክ መንገድ ተከትሎ ተጉዞ፣ በሌላው መሳፈር ከሁሉም የተሻለው አካሄድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ባቡር ከአውቶቡስ ይልቅ እስከ ምሽት ይሠራል፣ እርምጃውም ለቢራው ጥማት ይሰጠዋል።

ጥሩ መጠጥ ቤቶችን የሚጠቁም አስተማማኝ ምንጭ የቱ ነው?

የመጀመሪያው ካምራ በየዓመቱ የሚያሳትመው «ጉድ ቢር ጋይድ» ነው። በመላ ብሪታንያ ካሉት በአስር ሺዎች ከሚቆጠሩ መጠጥ ቤቶች መካከል 4,500 ያህሉን ብቻ መርጦ ያወጣል፤ የሚመርጡትም ዓመቱን ሙሉ እየዞሩ የሚቀምሱ የየአካባቢው አባላት ናቸው። መጽሐፉ በየቤቱ ሥር የባቡር ጣቢያ በአቅራቢያው መኖሩንና አውቶቡስ ማለፉን በምልክት ያሳያል፤ ለእኛ ዓላማ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም የለም። ማኅበሩ በኢንተርኔት የሚያቀርበው ማውጫ ደግሞ ያልተመረጡትንም ቤቶች ስለሚያካትት ሰፋ ያለ ነው፤ የተዘጋ ቤትና የተለወጠ የሥራ ሰዓትም አባላቱ እንደ ደረሱበት ያስተካክሉታል።

ሁለተኛው ካስክ ማርክ የተባለው ተቋም ነው። መርማሪዎቹ ሳይነግሩ መጥተው የቢራውን ሙቀት፣ ጥራት፣ ሽታና ጣዕም ይፈትሻሉ፤ ያለፈው ቤት በሩ ላይ ሰሌዳ ይለጥፋል፤ በስልክ መተግበሪያውም በአቅራቢያ ያሉ ቤቶችን ማየት ይቻላል። ይህ ማረጋገጫ የሚመሰክረው ስለ አያያዝ ነው፤ ቤቱ የሚስብ ድባብ አለው ወይስ የለውም የሚለውን አይነግርዎትም።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚዘነጋው ኦርድናንስ ሰርቬይ የሚያወጣው የእግረኛ ካርታ ነው። በ1፡25,000 መጠን የተሠራው ብርቱካናማ ሽፋን ያለው ካርታ መጠጥ ቤቶችን «ፒ» እና «ኤች» በሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ያመለክታል፤ ለሕዝብ የተፈቀዱ የእግር መንገዶችንም በአረንጓዴ ቁርጥራጭ መስመር ያሳያል። ከጣቢያው እስከ ቤቱ ድረስ የእግረኛ መሄጃ በሌለው የመኪና መንገድ ዳር ከመሄድ የሚያድን የመስክ መንገድ መኖሩን የሚነግርዎት እርሱ ነው።

የገጠር አውቶቡስ የጊዜ ሰሌዳ የት ይገኛል? ዋጋውስ ስንት ነው?

ለባቡር ናሽናል ሬይል፣ ባቡርና አውቶቡስን አገናኝቶ ለማቀድ ትራቭላይን፣ የአንድን አውቶቡስ መስመር ሙሉ ሰሌዳ ለማየት ደግሞ በስታይምስ ይበቃሉ። የተለመዱት የካርታ መተግበሪያዎች በከተማ ጥሩ ቢሠሩም፣ በገጠር የተለወጠ ሰሌዳ ላይ ዘግይተው ሊደርሱ ስለሚችሉ በእነርሱ ብቻ አይተማመኑ። ሰሌዳውን ሲያነቡ ከሰዓቱ ጎን የተቀመጠችውን ትንሽ ፊደል ሳያዩ አይለፉ፤ የገጽ ግርጌ ማብራሪያዋ «ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ቀን ብቻ» ወይም «ረቡዕና ዓርብ ብቻ» የሚል ሊሆን ይችላል። የባቡር ሰሌዳ በየዓመቱ በግንቦትና በታኅሣሥ አካባቢ ስለሚቀየር፣ ያለፈው ዓመት ዕቅድ ሳይመረመር ዳግም አያገለግልም። ሰሌዳዎቹ የሚታተሙት በ24 ሰዓት አቆጣጠር መሆኑንም አይዘንጉ።

በእንግሊዝ ከጥር 2025 ጀምሮ በዕቅዱ በተካተቱ አውቶቡሶች የአንድ ጉዞ ከፍተኛ ዋጋ 3 ፓውንድ ነው፤ ጣሪያው ቀድሞ 2 ፓውንድ እንደ ነበረ ሁሉ መንግሥት በየጊዜው ይከልሰዋል። በባቡር ከሦስት እስከ ዘጠኝ ሆነው የሚሄዱ ሰዎች ጥድፊያ በሌለበት ሰዓት በብዙዎቹ መስመሮች ግሩፕሴቭ የተባለውን ቅናሽ ቢጠይቁ የዋጋው ሲሶ ይቀነስላቸዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው በየትኛው መስመር ይጀምር?

በሰሜን ላሉ ሰዎች ከሼፊልድ ወደ ማንቸስተር የሚያልፈውን የሆፕ ቫሊ መስመር አስቀድማለሁ። ግሪንድልፎርድ፣ ሃዘርሴጅ፣ ባምፎርድ፣ ሆፕና ኢዴል ጣቢያዎቹ ናቸው፤ ሁሉም በፒክ ዲስትሪክት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ወይም ጠርዝ ላይ ይገኛሉ። ኢዴል ላይ ሲወርዱ ራምብለር ኢን የተባለው ቤት ከጣቢያው ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው፤ ወደ መንደሩ ጫፍ ከዘለቁ ደግሞ ኦልድ ናግስ ሄድን ያገኛሉ፤ እስከ ስኮትላንድ ድንበር ማዶ 431 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው የፔናይን ዌይ የእግር ጉዞ መነሻው ከዚያ በር ላይ ነው። ጉልበት ያለው ሰው ከኢዴል ተነሥቶ በማም ቶር ሸንተረር በኩል ወደ ሆፕ ወርዶ ከዚያ መሳፈር ይችላል። ባምፎርድ ላይ ያለው አንግለርስ ሬስት ደግሞ መንደርተኞቹ በ2013 ገንዘብ አዋጥተው ገዝተው ከመዘጋት ያዳኑት ቤት ነው፤ ከጣቢያው ሩብ ሰዓት ያህል ያስኬዳል።

ከለንደን ለሚነሱት ከፓዲንግተን በሚወጣው መስመር ጎሪንግና ስትሪትሊ ጣቢያ ወርደው በሪጅዌይ ጥንታዊ መንገድ በኩል ወደ አልድዎርዝ መንደር መሄድን እመክራለሁ። 6 ኪሎ ሜትር ያህል ቀስ እያለ ሽቅብ የሚወጣ መንገድ ነው፤ መድረሻው ዘ ቤል ኢን ነው። ይህ ቤት ከ250 ዓመት በላይ በአንድ ቤተሰብ እጅ የቆየ ሲሆን፣ በ1990ም በ2019ም ካምራ የአገሪቱ ምርጥ መጠጥ ቤት ብሎ ሸልሞታል። ባንኮኒ የለውም፤ ቢራው የሚቀዳው በእንጨትና በመስታወት በተሠራች ትንሽ መስኮት ነው፤ መስኮቷ ሥር ቆመው ያዛሉ፣ በዚያችው ይቀበላሉ። በሳምንት የሚዘጋበት ቀን ስላለ ግን ሳያጣሩ አይሂዱ።

በዴቨን ከኤክሰተር ወደ ባርንስተፕል የሚሄደው ታርካ መስመርም የታወቀ ነው፤ የአካባቢው የባቡር ማኅበር በየጣቢያው አጠገብ ያሉ መጠጥ ቤቶችን ዘርዝሮ በየቤቱ ማኅተም የሚያስመታ የጉዞ ወረቀት አዘጋጅቶለታል። ከሊድስ ወይም ከማንቸስተር የሚነሱ ሰዎች ስለ ትራንስፔናይን የሪል ኤል ጉዞ መስማታቸው አይቀርም፤ ስላዊትና ማርስደን ያምራሉ፣ ስቴሊብሪጅ ጣቢያ ላይ ያለው የ1885 ቡፌ ባርም ሊታይ የሚገባው ነው። ነገር ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መስመሩ በቡድን ጠጪዎች ይጨናነቃል፣ በሐዲድ ማሻሻያ ሥራ ምክንያትም ቅዳሜና እሑድ ባቡር የሚቋረጥበት ጊዜ አለ፤ የሚችል ሰው ሐሙስ ቢሄድ የተሻለ ነው።

የመንደሩን ስም የያዘ ጣቢያ መንደሩ ውስጥ ነው ማለት ነው?

አይደለም፤ በዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከሴትል ወደ ካርላይል በሚሄደው ውብ መስመር ላይ ያለው ዴንት ጣቢያ 350 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ የእንግሊዝ ከፍተኛው የዋና መስመር ጣቢያ ሲሆን፣ ዴንት መንደር ግን ከእርሱ ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሸለቆ ውስጥ ነው። ሲሄዱ ቁልቁለት ነው፤ ከሁለት ፓይንት በኋላ ወደ ጣቢያው ሽቅብ መመለሱ ግን ጨለማና ዝናብ ከታከለበት ቀላል አይሆንም። በዚያው መስመር ሪብልሄድ ጣቢያ ላይ ግን 24 ቅስቶች ካሉት ታላቅ ድልድይ አጠገብ ያለው ስቴሽን ኢን ከጣቢያው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይርቃል። እንግዲህ በካርታ ላይ ርቀቱን ብቻ ሳይሆን ከፍታውንም ማየት ይገባል።

ሌላው ባቡሩ ካልተጠየቀ የማይቆምባቸው ትናንሽ ጣቢያዎች መኖራቸው ነው። ከመሳፈርዎ በፊት ወይም እንደተሳፈሩ የት እንደሚወርዱ ለቲኬት ተቆጣጣሪው ይንገሩ፤ ሲመለሱ ደግሞ መድረኩ ላይ በግልጽ ቆመው ባቡሩ ሲታይ እጅዎን ለሹፌሩ ያውጡ። ታርካ መስመር ላይ ያለው ፖርትስመዝ አርምስ ስሙን ከመጠጥ ቤት የወሰደ እንዲህ ዓይነት ጣቢያ ነው። ሲመሽ ጥቁር ልብስ ለብሶ ጥግ ላይ መቆም የመጨረሻውን ባቡር ሊያሳጣ ይችላል።

በየትኛው ቀን መሄድ ይሻላል?

ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ። ሰኞና ማክሰኞ ብዙ የገጠር ቤቶች ጨርሰው አይከፈቱም፤ የሚከፈቱትም ከምሳ በኋላ ዘግተው ከ11 ወይም ከ12 ሰዓት በኋላ መልሰው የሚከፍቱ አሉ። እሑድ ቤቶቹ ክፍት ቢሆኑም ብዙ የገጠር አውቶቡሶች አይሠሩም። በዮርክሸር ዴልስ ግን ዴልስባስ የተባለው አገልግሎት እሑድና በሕዝብ በዓላት ቀን ከከተሞች ወደ ሸለቆዎቹ አውቶቡስ ስለሚያሰማራ፣ በዚያ አካባቢ እሑድ ከሥራ ቀን የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በገና ቀን ባቡር የሚባል ነገር የለም፤ በማግሥቱም ከጥቂት መስመሮች በስተቀር አይሠራም።

ምግብ የሚፈልጉ ከሆነ የወጥ ቤቱን ሰዓት ከቤቱ ሰዓት ለይተው ይጠይቁ። ቤቱ እስከ ሌሊት ክፍት ሆኖ ወጥ ቤቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሊዘጋ ይችላል፤ ረጅም መንገድ በእግር ተጉዞ የመጣ ሰው የተጠበሰ ድንች ከረጢት ብቻ የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ጠዋት ስልክ ደውሎ መክፈታቸውንና ምግብ መኖሩን ማረጋገጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ብዙ ፓምፕ ያለው ቤት ይመረጣል?

በከተማ ምናልባት፤ በገጠር ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመረጥም። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። በብዛት የሚሠራበት ፈርኪን የተባለው በርሜል 72 ፓይንት ይይዛል። በርሜሉ ተከፍቶ መቀዳት ሲጀምር አየር ይገባዋል፤ አየሩም ቢራውን በመጀመሪያ ያደነዝዘዋል፣ ቀጥሎም ያኮመጥጠዋል፤ ስለዚህ በሦስት ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። ያም በቀን 24 ፓይንት ማለት ነው። ባለ አምስት ፓምፕ ቤት ሁሉንም ትኩስ አድርጎ ለማቅረብ በቀን 120 ፓይንት ሪል ኤል መሸጥ አለበት፤ በየካቲት ወር ማክሰኞ ማታ ስድስት ደንበኛ ያለው የመንደር ቤት ይህን ከየት ያመጣዋል?

ስለዚህ ሁለት ፓምፕ ብቻ ያለው፣ ሁለቱም ቢራዎች በአካባቢው የተጠመቁና መንደርተኛው ሁሉ ከእነርሱ የሚጠጣ ቤት ካገኙ ሳያመነቱ ይግቡ። ባለቤቱ ሲዘገይበት በርሜል የሚደፋ እንጂ አራተኛ ቀኑን ለእንግዳ የሚቀዳ ካልሆነ፣ ያ ሰው ሙያውን የሚያከብር ነው። ከሌሎች ጠጪዎች ብርጭቆ ውስጥ ያለውን ማየትም ይረዳል፤ ሁሉም ላገር የተባለውን ቀዝቃዛ የጋዝ ቢራ የያዙ ከሆነ የእጅ ፓምፑ ለጌጥ ቆሞ ሊሆን ይችላል።

ቢራው የተበላሸ ከመሰለኝ መመለስ ነውር ነው?

ነውር አይደለም፤ እኛ ዘንድ የቀረበልንን ዝም ብሎ መቀበል ጨዋነት ስለሆነ ግን ብዙዎቻችን እንከፍልና ሳንጠጣ ትተነው እንወጣለን። ይህ ቤቱንም አይጠቅመውም፤ ባለቤቱ በርሜሉ መበላሸቱን የሚያውቀው ሰው ሲነግረው ነው። የኮምጣጤ ሽታ፣ የረጠበ ካርቶን ጣዕም፣ ፍጹም ጋዝ ማጣትና ለብ ማለት የመበላሸት ወይም የአያያዝ ጉድለት ምልክቶች ናቸው። ሁለት ጊዜ ተጎንጭተው እርግጠኛ ከሆኑ፣ ግማሹን ከመጠጣትዎ በፊት ወደ ባንኮኒው ይዘው ይሂዱና በትሕትና «ይህ በርሜል ወደ ማለቁ የተቃረበ ይመስለኛል» ብለው ይናገሩ። ጥሩ ቤት ሳይከራከር ይለውጣል።

መደፍረስ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። አንዳንድ ጠማቂዎች ሆን ብለው ሳያጠሩ የሚልኩት ቢራ አለ፤ ስለዚህ ከመመለስዎ በፊት «እንዲህ እንዲሆን የታሰበ ነው?» ብለው ይጠይቁ። በሰሜን እንግሊዝ የሚቀዳው ቢራ አናቱ ላይ ወፍራም አረፋ የሚኖረው፣ በደቡብ ደግሞ አረፋው የሚሳሳው በፓምፑ አፍ ላይ በሚገጠም ወንፊት መሰል ቁራጭ ምክንያት ነው፤ ሁለቱም የአካባቢ ልማድ እንጂ ጉድለት አይደሉም።

ልጆች ወይም አልኮል የማይጠጣ ሰው ይዤ መሄድ እችላለሁ?

ይችላሉ። ምግብ የሚያቀርቡ የገጠር ቤቶች አብዛኞቹ ከወላጅ ጋር የመጣን ልጅ ቀን ላይ ይቀበላሉ፤ አመሻሽ ላይ የሚከለክሉም ስላሉ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። ለማይጠጣው ሻይ፣ ቡና፣ ለስላሳና አልኮል አልባ ቢራ አይጠፋም። ለሚጠጣውም የጤና ባለሙያዎች የሚመክሩት በሳምንት ከ14 ዩኒት (የአልኮል መጠን መለኪያ) ያልበለጠ ሲሆን፣ 4 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ፓይንት 2.3 ዩኒት ያህል ነው፤ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ የሆኑት ቢራዎች ለእግረኛ የሚስማሙት ለዚህ ነው።

በጾም ወቅት ሪል ኤል መጠጣት ይቻላል?

መጠጥን በጾም ስለመተው የነፍስ አባትዎን ይጠይቁ፤ እዚህ መመለስ የሚቻለው በውስጡ ምን እንዳለ ነው። ብዙ ሪል ኤል በርሜል ውስጥ ቶሎ እንዲጠራ አይዚንግላስ የተባለ ነገር ይጨመርበታል፤ ይህም ከዓሣ የአየር ከረጢት የሚሠራ ነው። እርሾውን ይዞ ወደ በርሜሉ ሥር ስለሚዘቅጥ ወደ ብርጭቆ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ቢሆንም፣ በጾም ዓሣ የማይቀምስ ሰው ይህን አውቆ መወሰን አለበት። ሚልክ ስታውት የሚባለው ጥቁር ቢራ ደግሞ ከወተት የሚገኝ ስኳር ይገባበታል፤ ስለዚህ የጾም አይደለም።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ከእንስሳት የተገኘ ነገር ለማይመገቡ ሰዎች ሲባል አይዚንግላስን የተዉ ጠማቂዎች እየበዙ ናቸው፤ ቢራው «ቪጋን» ወይም «አንፋይንድ» ከተባለ ዓሣ አልገባበትም ማለት ነው። አንዳንድ ቤቶች ፓምፑ ላይ ይጽፉታል፤ ካልጻፉ ይጠይቁ፤ ጥያቄው በየዕለቱ የሚቀርብላቸው ስለሆነ አይገርማቸውም።

የመመለሻው አውቶቡስ ቢቀርስ?

በመጀመሪያ፣ ከቤትዎ ሲወጡ የአካባቢውን የሁለት ታክሲ ቤቶች ስልክ በወረቀት ይያዙ፤ በሸለቆ ውስጥ የስልክ ኔትወርክ ስለሚጠፋ በስልክ ላይ የተቀመጠ ነገር ብቻውን አይበቃም፤ በከተማ የለመድናቸው የታክሲ መተግበሪያዎችም በገጠር አይሠሩም ማለት ይቻላል። አውቶቡሱ ከቀረ ወደ መጠጥ ቤቱ ተመልሰው ለባለቤቱ ይንገሩ፤ የቤቱ ስልክ አለው፣ የትኛው ታክሲ እንደሚመጣም ያውቃል። ቅዳሜ ማታ ታክሲ ጠዋት ካልተያዘ ላይገኝ ይችላል።

ባቡር ተሰርዞ ከሆነ ጉዳዩ የተለየ ነው። ለዚያ ጉዞ ቲኬት የያዘን ሰው ወደ መድረሻው የማድረስ ኃላፊነት የባቡር ድርጅቱ ነው፤ ሠራተኛ በሌለው ጣቢያ ከሆኑ መድረኩ ላይ ያለውን የእርዳታ ቁልፍ ተጭነው ያነጋግሩ፣ ቲኬትዎንም አይጣሉ፤ ስለ መዘግየቱ ካሣ የሚጠየቀው በእርሱ ነው።

እጅግ ሩቅ ናቸው የሚባሉት ታዋቂ ቤቶች ያለ መኪና ይደረስባቸዋል?

አንዳንዶቹ አይመቹም። 528 ሜትር ላይ ያለው የብሪታንያ ከፍተኛው መጠጥ ቤት ታን ሂል ኢን በኅዳር 2021 በረዶ ወርዶ እንግዶቹ ሦስት ሌሊት መውጫ ያጡበት ቤት ነው፤ ከከርክቢ ስቲቨን ጣቢያ በእግር ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ፔናይን ዌይ በሩ ላይ ስለሚያልፍ፣ ልምድ ያለው እግረኛ ማደሪያ ይዞ በበጋ ሊደርስበት ይችላል፤ ለአንድ ቀን ጉዞ ግን አይሆንም።

በስኮትላንድ ኖይደርት የሚገኘው ኦልድ ፎርጅ ግን፣ ከተቀረው የብሪታንያ ምድር በመኪና መንገድ ያልተገናኘ ቢሆንም፣ በሕዝብ ማመላለሻ ይደረስበታል። ከግላስጎው በዌስት ሃይላንድ መስመር እስከ መጨረሻው ጣቢያ ማሌይግ ድረስ በባቡር፣ ከዚያ በጀልባ ኢንቨሪ መንደር፤ ሌላው አማራጭ ተራራ የሚያቋርጥ ረጅም የእግር መንገድ ነው። ቤቱን በ2022 መንደርተኞቹ ራሳቸው ገዝተውታል። ጀልባው በአየር ጠባይ ስለሚወሰንና በክረምት ስለሚቀንስ፣ መጀመሪያ የጀልባውን ሰዓት፣ ቀጥሎ ማደሪያውን፣ የባቡሩን ቲኬት ደግሞ በመጨረሻ ይያዙ።